ጅቡ ለምን ሮዝ ሆነ?

የዛሬው ጨዋታችን የፍቅር ጥል አይደለም፤ ኩርፊያ ግን አለበት። ሁለት ጓደኛሞችን ያኳረፈው ገንዘብ ወይም ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ... ፎቶ ነው!

ልጁም ልጅቷም የነቀምቴ ልጆች ናቸው። እሷ ሥዕሉን ትስላለች፣ ቀለም ትቀባለች፤ እሱ በኮምፒዩተር ያንቀሳቅሰዋል። የያዙት አያቶች ማታ ማታ «ዱሪ ዱሪ» ብለው የሚጀምሩትን ዓይነት የኦሮሞ ተረት ነው፤ የጅብና የቀበሮ። የሚሠሩበት ፕሮግራም ብሌንደር ይባላል። በነጻ የሚገኝ ስለሆነ እንዳትንቁት! እ.ኤ.አ. በ2025 በረጅም አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር የወሰደው «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ ነው።

ልጁ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የጎጆ ክዳን፣ የዛፍ ቅርፊት፣ የአንጮቴ ቅጠል... ለተረቱ ይሆናል ያለውን ሁሉ በሞባይሉ እያነሳ ሲከት ከርሞ ሥራው አበጠ። ላፕቶፑ መጋል፣ ከዚያም ቀጥ ማለት ጀመረ። አንድ ማታ ልጁ ብሽቅ አለና የፎቶ ፎልደሩን ከፍቶ «ይሄ አያስፈልግም፣ ይሄም አያስፈልግም» እያለ ጠራረገው። በነጋታው ሲከፍት ጅቡ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ጠበቀው! ብሌንደር የሚፈልገው ፎቶ ሲጠፋበት ቦታውን በሮዝ ነው የሚሸፍነው። ለካ ከጠፉት አንዱ እሷ ስንት ሳምንት ደክማ የቀባችው የጅቡ ቆዳ ኖሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው።

ልጅቷ አኮረፈች። እውነት የላትም ትላላችሁ? ለልጁ የምንለው፦ በመጀመሪያ ሪሳይክል ቢኑን እይ፣ በየፍላሹ የቀረ የድሮ ቅጂ ካለም ፈልግ። ተገኘም አልተገኘም ግን «ኮምፒዩተሩ ነው» አትበላት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅርታ» በላት።

ለመሆኑ ፎቶ ይህን ያህል ይከብዳል? እናስላው። በሞባይል የተነሳ 4000 በ3000 ነጥብ ያለው ፎቶ ዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሊይዝ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ለሥራ ሲዘረጋው ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚሰጥ 48 ሜጋባይት ይሆናል። 50 እንዲህ ያሉ ፎቶዎች 2,400 ሜጋባይት ዋጡ ማለት ነው! ቁመቱንም ወርዱንም በግማሽ ብትቀንሱት ግን ያው ፎቶ 12 ሜጋባይት ይበቃዋል። ሩቅ ለሚታይ ጎጆ ምን ጎደለው?

ማጽዳቱስ እንዴት ነው? በተራ እንሂድ።

አንደኛ፣ ከመንካታችሁ በፊት ሙሉውን ፎልደር ገልብጡ። ፍላሻችሁ በፋት 32 የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው እምቢ ቢላችሁ አትደንግጡ።

ሁለተኛ፣ «ፋይል» ውስጥ «ክሊን አፕ» የሚል አለ። ማንም የማይጠቀምባቸውን ምስሎች ከሥራው ያስወጣል። ዲስክ ላይ ያለውን ፎቶ ግን አይነካም። የጋሻ ምልክት የተደረገበትን ምስልም ይተወዋል።

ሦስተኛ፣ ካጸዳችሁ በኋላ በ«ኤክስተርናል ዴታ» ሥር ያለውን «ፓክ ሪሶርስስ» ተጫኑ፣ ሥራውን በአዲስ ፎልደር አስቀምጡ፣ ከዚያ መልሳችሁ «አንፓክ» አድርጉ። አዲሱ ፎልደር ውስጥ የሚወጡት የሚፈለጉት ምስሎች ብቻ ናቸው። ቪዲዮና ተከታታይ ምስሎች ስለማይታሸጉ በእጃችሁ ገልብጧቸው።

አራተኛ፣ «ሪፖርት ሚሲንግ ፋይልስ» በሉት፤ የጎደለ ካለ ይናገራል።

ከሁሉም በላይ ግን ይቺን ያዙ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የተከፈተለትን አንድ ፋይል ብቻ ነው። ትዕይንት 3 ላይ ሥራ ፈት የሆነው ምስል ትዕይንት 7 ላይ የጅቡ ቆዳ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ትዕይንት 7ንም አያውቅም፣ ጓደኛችሁ ነገ ምን ልትሠራበት እንዳሰበችም አያውቅም። «ሥራ ላይ ያልዋለ» እና «የማያስፈልግ» አንድ አይደሉም!

«ግድ የለም፣ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጬዋለሁ» የምትሉም አትጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከጥር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ኢንተርኔትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ልጆች ይህን ከኛ በላይ ያውቁታል። እጅ ላይ ያለ አንድ ቅጂ ለክፉ ቀን ነው።

እንግዲህ አብራችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ ምስሎቻችሁን «ምስል 1፣ ምስል 2» እያላችሁ አትሰይሙ። «ጅብ ቆዳ፣ ትዕይንት 7» በሉት፤ የቀባው ሰው ስምም ይግባበት። የሚጠፋውን ወዲያው አታጥፉ፤ «ሊጠፋ ነው» የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ለሁለት ሳምንት አቆዩትና ጓደኛችሁን ጠይቁ። የተጣበበ ዲስክ ይሰፋል... የተቀያየመ ጓደኛ ግን በአንድ ቁልፍ አይመለስም። ቸር ይግጠመን!