የድሬዳዋ ተማሪዎችና የመቶኛው ሒሳብ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጠ ቍጥር በከዚራም ሆነ በመጋላ በኩል ወላጆች የሚጠያየቁት ስንት ልጅ አለፈ በማለት ሲሆን፣ ከዚህ ሊቀድም የሚገባው፣ ስንቱ ልጅ ለፈተናው ደረሰ የሚለው ጥያቄ ግን ጠያቂ ያጣ ይመስላል።

የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች፣ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፣ በአገሪቱ ከተፈተኑት 896,520 መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ስለ ተገኙ ብዙ ሰው ደነገጠ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አልፈው ውጤቱ ከመቶ 8.4 በመድረሱ መጽናናት ሆነ፤ መጽናናቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን በሁለቱ ዘመናት መካከል ተፈታኙ ከ310 ሺሕ በላይ ስለ ቀነሰ፣ የኋለኞቹ አላፊዎች በፊተኛው ተፈታኝ ብዛት ቢካፈሉ መቶኛው ወደ 5.5 ይወርዳል። ከጎደሉት ከፊሉን ጦርነትና መፈናቀል እንዳስቀራቸው የታወቀ ነው፤ ድሬዳዋን በመሰለች፣ በእነዚህ ዓመታት መድፍ ባልተተኰሰባት ከተማ ግን ተማሪን ከመዝገብ የሚፍቀው ምክንያት ሌላ ነው።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከሐዲዱ በፊት የዘይላ ቅፍለት ያርፍባት የነበረችው ጀልዴሳ ዛሬ የከተማዪቱ አስተዳደር ገጠር ሆና ቀርታለች። ከጀልዴሳ ወይም ከቢዮ አዋሌ የተነሣ ልጅ አንደኛ ደረጃን በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ተምሮ፣ አማርኛን ከገበያና ከጎረቤት ለቅሞ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንዲቀበል ይገደዳል። በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ጉባኤ የግእዙ ንባብ በአማርኛ አንድምታ እየተፈታ ይሰጣል እንጂ፣ ደቀ መዝሙሩ ምስጢሩ ያልተገለጠለትን ንባብ ብቻውን ተሸክሞ እንዲሄድ አይፈረድበትም፤ የዘመኑ ትምህርት ቤት ግን ንባቡን ሰጥቶ ትርጓሜውን ነሥቶታል ብል ማጋነን አይመስለኝም። የከተማው ባለጸጋ ልጅ በግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛውን ከሕፃንነቱ ስለሚጀምር ይህ ፈተና እምብዛም አይነካውም፤ ስለዚህም የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት ውጤት ጎን ለጎን ሲነበብ የሚመዘነው የመምህራን ትጋት ብቻ አይደለም።

የልሳኑን ገደል የተሻገረውንም ቢሆን ገበያው ይጠብቀዋል። የጫት ንግድና ከጅቡቲ በኩል የሚገባው ሸቀጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ የዕለት ገንዘብ ሲያሳዩት፣ ደብተሩ የሚያሳየው የአራት ዓመት ተስፋ ነው፤ ለገጠሯ ልጃገረድ ደግሞ ውኃ መቅዳትና የኪራይ ቤት ወጪ፣ አንዳንዴም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይደራረቡባታል። እንዲህ ያለው ልጅ በአሥረኛ ክፍል ሲቀር ከወዳቂዎች አይቆጠርም፤ እንዲያውም መቅረቱ የትምህርት ቤቱን መቶኛ ያሳምርለታል።

እንግዲህ አንድ ትምህርት ቤት የ2017 ውጤቱን ሲያስታውቅ፣ በ2014 ዓ.ም. በዘጠነኛ ክፍል መዝገብ የነበሩትን ልጆች ብዛት ከጎኑ ቢጽፍ፣ ከገጠር ቀበሌዎች የመጡትንና ሴቶቹን ለየብቻ ቢቆጥር፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ በጀት ሳይሆን የርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ሳጥን ውስጥ ያለው አሮጌ መዝገብ ነው።