የውሻ ጠጕር ለምስክርነት ሲቀርብ

በእብናትና በደብረ ታቦር ደጋ በግ የሚያረባ ቤተ ሰብ፤ ማለዳ በረቱን ከፍቶ የተነከሰ በግ ያገኘ እንደ ሆነ፤ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጅብ ነው፤ የቀበሮ ነው፤ ወይስ የጎረቤት ውሻ ነው ብሎ ነው። የአውሬ ከሆነ ከዕድል ተቈጥሮ ይቀራል። የውሻ እንደ ሆነ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያካስስ ነገር ይወለዳል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ ላደረሰው ጕዳት ባለቤቱን ይጠይቃልና።

በቀድሞ ዘመን የተሰወረ ጥፋት ሲያጋጥም አገሩ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ ለሌብነትም ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው፤ ወገቡን በገመድ ይዘው ይከተሉታል፤ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳ ከፋይ ይሆናል። ያ ሰው «እኔ አይደለሁም» ቢል ንጽሕናውን የሚያስረዳበት መንገድ አልነበረውም።

አሁን ሊቃውንት ከውሻ ጠጕርና ምራቅ ማስረጃ ያወጣሉ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ፤ ለሕዋሱ ኀይል የሚያዘጋጁ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ የራሳቸውም ዲ.ኤን.ኤ. አላቸው። በውሻ ይህ ጽሑፍ 16 ሺህ 7 መቶ ያህል ፊደላት አሉት። ዋናው ዲ.ኤን.ኤ. ሥር ከሌለው ጠጕር በቀላሉ አይገኝም፤ የሚቶኮንድሪያው ግን በአንድ ሕዋስ ውስጥ በመቶና በሺህ የሚቈጠር ቅጅ ስላለው ረግፎ ከወደቀ ጠጕር እንኳ ሊነበብ ይችላል። ውሻን ከጅብ ለመለየትም አያዳግተውም።

በ1994 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2002) በአሜሪካ፤ በሳን ዲየጎ ከተማ፤ የ7 ዓመት ሕፃን ገድሏል ተብሎ በተከሰሰ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ማስረጃ ቀርቦ ነበር። ከመኪናውና ከልብሱ የተለቀመው ጠጕር ከሕፃኒቱ ቤት ውሻ ጋር ተስማማ፤ ሰውየውም ተፈረደበት። ነገር ግን ጠጕሩ ብቻውን አልቆመም፤ የሕፃኒቱ ደምና የጣት አሻራም ተገኝቶ ነበር።

እንዲህ መሆኑ ደግ ነው። ይህ ዲ.ኤን.ኤ. የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነውና። በመንደራችን አንዲት ውሻ ስትወልድ ቡችሎቹ ለጎረቤት፤ ለአማች፤ ለክርስትና አባት ይታደላሉ። ካደጉ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ በግ ቢነክስ፤ የሁሉም ጽሑፍ አንድ ስለ ሆነ ጥፋተኛውን ከወንድሞቹ መለየት አይቻልም፤ የእናታቸው እኅቶች ልጆችም እንደዚሁ ናቸው። ዝምድናቸው የማይታወቅ ውሾች እንኳ ብዙ ጊዜ አንድ ዐይነት ይጋራሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ቢስማማ ከሳሹ «ይህ ውሻ ሊሆን ይችላል» ከማለት አያልፍም። በግልጽ ቢለያይ ግን ያ ምራቅ የተከሳሹ ውሻ አይደለም፤ ባለቤቱ ድኻ ባልቴት ብትሆንና የሚመሰክርላት ጎረቤት ባይኖር እንኳ ይህ ይረዳታል። እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊዎች የምስክር ቃል በየቀጠሮው ሲለዋወጥ የምናይ ነንና፤ የዚህን ጥቅም አናቃልለውም።

ደግሞም የእረኛ ውሻ ከበጎቹ ጋር ስለሚውል ጠጕሩ በበግ ላይ ቢገኝ አያስገርምም፤ ከንክሻው ዙሪያ የተወሰደ ምራቅ ይሻላል። እንዲመረመር የታሰበ ቍስል መታጠብ የለበትም፤ የረጠበውም ነገር ከደረቀ በኋላ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ይጠቀለላል። ምራቁን በባዶ እጅ መንካት ግን አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ በእርሱ ይተላለፋልና።