ዲስኩ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም

ላፕቶፕ ሲቃጠል ወይም ሲያረጅ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ውስጥ መክተት የተለመደ ነው። ዲስኩ ይገባል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ማብሪያው ይጫናል። ከዚያ ወይ «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል መስመር ጥቁር ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ወይ ዊንዶውስ ሊከፈት ሲል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ያበራል። ይህን ጊዜ ከብዙ ጥገና ቤቶች የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ማሽኑ በእርግጥ ይነሳል። የዓመታት ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሱቅ ሂሳብ ግን አብረው ይሄዳሉ። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ ምንም አልሆኑም ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ማብሪያው ከተጫነ በኋላ የሚሆነውን መከተል ይበቃል። መጀመሪያ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ሜሞሪውንና ዲስኮቹን ይፈትሽና አስነሺ የተባለውን ሌላ ፕሮግራም ከዲስኩ አንብቦ ሥራውን ያስረክበዋል። አስነሺው የዊንዶውስን ወይም የሊኑክስን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ወደ ሜሞሪ ይጭናል፤ ከርነሉ ደግሞ ድራይቨሮቹን ይዞ የቀረውን ሁሉ ራሱ ያነባል። የዚህ ቅብብሎሽ አንዱ ወገን ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሌላው ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር የማዘርቦርዱ ድርሻ አሮጌው ማሽን ውስጥ ይቀራል። ቅብብሎሹ የሚቋረጥባቸው ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ ተራ በተራ ማየት ይቻላል።

አንደኛው የአነሳስ ስልት ልዩነት ነው። በ1981 ከወጣው ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣው ባዮስ የተባለው የማዘርቦርድ ፕሮግራም፣ ከዲስኩ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ብቻ አንብቦ ሥራውን ያስረክባል። ኤምቢአር በተባለው አሠራር ከነዚህ ውስጥ 446ቱ ለአስነሺው፣ 64ቱ የዲስኩን ክፍሎች ለሚመዘግበው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ፣ 2ቱ ለማረጋገጫ ምልክት ናቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዛሬ ኮምፒውተር ላይ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ለአስነሺው የተሰጠው ቦታ 150 ፊደል እንኳ አይሞላም። ሠንጠረዡም ከ4 ዋና ፓርቲሽን በላይ አይመዘግብም፤ ከ2.2 ቴራባይት በላይ ያለውንም ቦታ መቁጠር አይችልም። ተተኪው ዩኢኤፍአይ መነሻው ኢንቴል ኢታኒየም ለተባለው ፕሮሰሰር የጀመረው ሥራ ሲሆን፣ ከ2005 ጀምሮ የኩባንያዎች የጋራ ደንብ ሆኗል። በዚህ ስልት አስነሺው ራሱን በቻለ ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ እንደ ማንኛውም ፋይል ይቀመጣል፤ ሠንጠረዡም ጂፒቲ ይባላል።

ስለዚህ በባዮስ ዘመን ዊንዶውስ የተጫነበት ኤምቢአር ዲስክ፣ በዩኢኤፍአይ ብቻ እንዲሠራ በተስተካከለ ማሽን ላይ አይነሳም። መፍትሔው ማሽኑ ሲበራ እንደ ሥሪቱ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ተጭኖ ሴትአፕ የተባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ መግባትና «ሌጋሲ» ወይም «ሲኤስኤም» የሚለውን መክፈት ነው። ብዙ አዳዲስ ማሽኖች ይህ ምርጫ የላቸውም። ለእነሱ ከ2017 ወዲህ በወጡ የዊንዶውስ 10 ሥሪቶችና በዊንዶውስ 11 ውስጥ ፋይል ሳያጠፋ ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ የሚለውጥ መሣሪያ አለ። የሠንጠረዥ ለውጥ ስለሆነ ግን ፋይሎቹን አስቀድሞ መቅዳት ግድ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ዩኢኤፍአይ አስነሺው በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ፓርቲሽን፣ በየትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ የሚመዘግበው በማዘርቦርዱ በራሱ ማህደር ላይ ነው። ዲስኩ ሲነቀል ይህ መዝገብ አብሮት አይሄድም። አዲሱ ማሽን መዝገብ ሲያጣ «ቡት» የተባለ አንድ የታወቀ ፎልደር ውስጥ ይፈልጋል፤ እዚያ ካላገኘ ዲስኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚነሳበት የለም ይላል። ይህን ለማስተካከል ማሽኑን በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነስቶ፣ «ጫን» ሳይሉ ወደ ጥገናው ክፍል መግባት፣ ከዚያም በትእዛዝ መስኮቱ ቢሲዲቡት የተባለውን ትእዛዝ ማሠራት ያስፈልጋል። ትእዛዙ የማስነሻ ፋይሎቹን እንደገና ይጽፋል፣ ለአዲሱ ማዘርቦርድም ያስመዘግባል። የተጠቃሚውን ፋይሎች አይነካም።

ሦስተኛው ከሁሉም ግራ የሚያጋባው ነው፤ የዊንዶውስ ምልክት ከታየ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። እስከዚያ ድረስ ዲስኩ ሲነበብ ቆይቷል፤ ታዲያ አሁን እንዴት ጠፋ? እስከዚያች ቅጽበት ዲስኩን ያነበበው በማዘርቦርዱ ፕሮግራም እርዳታ አስነሺው ነበር። ከርነሉ ሥራውን ሲረከብ ግን ዲስኩን በራሱ ድራይቨር ማንበብ አለበት። ድራይቨሩ ያለው ደግሞ እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ይሆናል። ዊንዶውስ ይህን ችግር የሚያልፈው ለሚሠራበት ማሽን የሚያስፈልጉትን ጥቂት ድራይቨሮች ብቻ ለይቶ በአስነሺው በኩል አስቀድሞ በመጫን ነው። አሮጌው ማሽን ዲስኩን ኤኤችሲአይ በተባለው ስልት ሲያነብ ከነበረና አዲሱ በሬይድ ወይም ቪኤምዲ በተባለው የኢንቴል አሠራር ከሆነ፣ የተያዘው ድራይቨርና ማሽኑ አይተዋወቁም።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከሴትአፕ አያልፍም፤ የዲስክ መቆጣጠሪያውን ስልት አሮጌው ማሽን ወደነበረበት መመለስ ነው። ያ ካልሠራ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ ማስነሳት ሊረዳ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ተጨማሪ የዲስክ ድራይቨሮችን ስለሚሞክር ተስማሚውን ካገኘ ለቀጣዩ ጊዜ ይይዘዋል። ሊኑክስ ዝውውርን በተሻለ ይችለዋል። ኡቡንቱ ለምሳሌ ብዙ ዓይነት ድራይቨሮችን በመነሻ ጥቅሉ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ፓርቲሽኖቹንም በተሰኩበት ተራ ሳይሆን በማይለወጥ መለያ ቁጥራቸው ይጠራል። ፌዶራ ጥቅሉን ለአንዱ ማሽን ብቻ መጥኖ ስለሚያዘጋጅ ሊቸገር ይችላል፤ ለዚህም ነው በማስነሻ ዝርዝሩ ላይ «ሬስኪው» የሚል ምርጫ የሚያስቀምጠው።

አራተኛው ብልሽት አይደለም፤ ጥበቃ ነው። ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ዲስካቸው በቢትሎከር የተመሰጠረ ነው። መክፈቻው ማዘርቦርዱ ላይ ቲፒኤም ከተባለው ክፍል ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሌላ ማሽን ላይ ሲገባ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩ ከሌለ ዲስኩን የሚከፍት ባለሙያ የለም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ላፕቶፑን በራሱ አካውንት ከፍቶ ከላከው፣ ቁጥሩ ያለው እሱ ጋ ነው፤ ደውሎ መጠየቅ ያዋጣል። አሮጌው ማሽን ገና የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ሳይነቀል ቁጥሩን ወረቀት ላይ መጻፍ ይሻላል።

እንግዲህ ማሽኑ የቆመበት ቦታ ራሱ ይናገራል። ከዊንዶውስ ምልክት በፊት ከቆመ የአነሳስ ስልቱን ወይም የጠፋውን መዝገብ፣ ከምልክቱ በኋላ ሰማያዊ ከሆነ ድራይቨሩን፣ ቁጥር ከጠየቀ ምስጠራውን ይመልከቱ። ሴትአፕ ውስጥ ዲስኩ ስሙ እንኳ የማይታይ ከሆነ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አጥፍተው ዳታ መልሶ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ይስጡት።

ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሥራ ግን ዲስኩን በዩኤስቢ መያዣ ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፋይሎቹን መቅዳት ነው። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ያድርጉ» ብሎ ቢጠይቅ እሺ አይበሉ። የሊኑክስ ፓርቲሽን ሲያይ ወይም መያዣው ዲስኩን በተለየ የሴክተር መጠን ሲያነብ እንዲህ ይላል፤ ፋይሎቹ ግን በቦታቸው ናቸው። ለጥገና ሲሰጡም «ፎርማት» ከሚለው ቃል በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ማሽኑ የትኛው ደረጃ ላይ ነው የቆመው? ፋይሎቼስ ተቀድተዋል? የተቀዱትን ከፍተው በዓይንዎ ሳያዩ ማንም ፎርማት እንዲያደርግ አይፍቀዱ።