ስለ ቮላኖ፤ ቁልፉም ስለማይሸከመው ሸክም

በሞተር ውስጥ ካሉት ብልቶች ሁሉ ሥራው እጅግ የከበደ፣ ምስጋናው ግን እጅግ ያነሰ የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ሳላመነታ ቮላኖ ነው እለዋለሁ። የጋራዥ ሰዎቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው ቮላኖ ያሉት፣ እንግሊዞች ፍላይዊል የሚሉት ይህ ከባድ መንኰራኵር በክራንክ ዘንግ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቤንዚኑ በነደደበት ቅጽበት የተገኘውን ኃይል ተቀብሎ ያኖራል፤ ፒስተኑ ኃይል በማይሰጥባቸው በቀሩት ሦስት ምቶችም ያኖረውን እየመለሰ ዘንጉን ያዞራል። በጠርዙ በተሸከመው ማግኔት ለካንዴላው እሳት ያስነሣል፣ በክንፎቹም ነፋስ እየነዳ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ይህ ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም።

ስለ ቮላኖ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በምኖርበት በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት የማየው ልማድ ነው። ጎልፍ ካርት የምትባለው ትንሽ ተሽከርካሪ በዚህ ግዛት እንደ ባላገር ናት፤ ኢ-ዚ-ጎ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ1954 በኦገስታ ከተማ ተመሠረተ፣ ክለብ ካርም በ1962 ከቴክሳስ ወደዚያው መጣ፤ ከአትላንታ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በፒችትሪ ሲቲ ደግሞ ለእነዚሁ ተሽከርካሪዎች ወደ 100 ማይል የሚደርስ መንገድ በዛፎች መካከል ተዘርግቶ፣ ሽማግሌው ለገበያ፣ ተማሪው ለትምህርት ይመላለስበታል። የአሮጌዪቱ ካርት ሞተር ሲደክም፣ ብዙዎች እርሱን አውጥተው ለውኃ መሳቢያና ለጀኔሬተር የሚያገለግለውን ባለ 389 ሲሲ ሆንዳ ጂኤክስ390፣ ወይም እርሱን አስመስሎ የተሠራ ሞተር ይተካሉ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚጀምረው ሞተሩን በደቂቃ ከ3,600 ዙር ገደማ እንዳያልፍ የሚገታውን ገቨርነር አውጥተው ሲጥሉና፣ ልጓሙ የወለቀለትን ሞተር እስከ 6,000 ዙር ሲያስጋልቡት፣ ለ3,600 የተሠራውን ቮላኖ ግን እንዳለ ሲተዉት ነው።

የፋብሪካው ቮላኖ አብዛኛውን ጊዜ ከጊዛ፣ ማለት በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። የጊዛ ባሕርይ ሲጫኑት ጽኑ፣ ሲስቡት ግን ደካማ መሆኑ ነው፤ ሊሰበር ሲል እንደ ሌላው ብረት ጎብጦ ወይም ተለጥጦ አያስጠነቅቅም፣ በድንገት ይፈነዳል እንጂ። የሚዞረውን መንኰራኵር ለመገንጠል የሚጥረው ኃይልም ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን እርሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቮላኖ ጠርዝ ላይ ያለች የ100 ግራም ቁራጭ፣ በ3,600 ዙር የ145 ኪሎ ያህል ክብደት እንደ ተንጠለጠለባት ሆና ወደ ውጭ ትሳባለች፤ በ6,000 ዙር ይኸው ወደ 400 ኪሎ ይደርሳል። ያ ጠርዝ በዚያን ጊዜ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ነው፤ ይህ ሁሉ የሚሆነውም ከሰው መቀመጫ በታች ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱ ግልጽ ነው፦ ገቨርነሩን ከመንካት በፊት ቮላኖው ይለወጥ። ለከፍተኛ ፍጥነት ታስቦ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተጠረበ፣ አምራቹም የሚችለውን ዙር በግልጽ ያስታወቀለት ቮላኖ ይገዛ፤ ፒስተኑን ከክራንክ ዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላም ከእርሱ ጋር አብሮ ይለወጥ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው የጊዛውን ቮላኖ በቶርኖ እየላጡና በትራፓኖ እየበሱ የሚያቀልሉትን ግን አጥብቄ እገሥጻለሁ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለስንጥቅ የተከፈተ በር ነውና። ቮላኖ ሲቀል የፈረስ ጉልበት ይጨምራል የሚለውም ወሬ ከንቱ ነው፤ የቀለለ ቮላኖ ሞተሩ ፈጥኖ ዙር እንዲያነሣ ያደርጋል እንጂ አዲስ ኃይል አይፈጥርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በዚህ ሥራ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው፣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር አጽንቶ የሚይዘው ቁልፉ ነው የሚለው እምነት ነው። ቁልፍ የምለው በዘንጉና በቮላኖው እምብርት በተቀረጸው ቦይ ውስጥ የምትገባውን፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የአገሬ ልጅ ተሠርታ የተሸጠችለትን ካርት እየጎተተ መጣ፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ተቆርጦበታል። «ጋሼ፣ አሁን ግን ከጠንካራ ብረት ያሠራሁት ቁልፍ ይዤ መጥቻለሁ፤ ይህ እንኳ አይበጠስም» አለኝ። ቮላኖውን በማውጫ ስናወጣው በዘንጉ ዙሪያ እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ ዱቄት ተጋግሮ አገኘን። ልጁ ተራ ዝገት መሰለው፤ እኔ ግን ዱቄቱ ሁለቱ ብረቶች በዓይን በማይታይ እንቅስቃሴ ሲፋተጉ የከረሙ ለመሆናቸው ምስክር እንደ ሆነ ነገርሁት። «ልጄ፣ ቁልፉ ቦታ አመልካች ነው እንጂ ሸክም ተሸካሚ አይደለም» አልሁት።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። የዘንጉ ጫፍ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ዳር እየቀጠነ የሚሄድ ሾጣጣ ነው፣ የቮላኖውም እምብርት በዚያው ልክ ተቀርጿል። ዳዶው ሲጠብቅ እምብርቱ ወደ ሾጣጣው እየወጣ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ተለጥጦም ዘንጉን ከዙሪያው ሁሉ ያንቀዋል፤ በዚህ መታነቅ ሁለቱ ተዋሕደው እንደ አንድ አካል ይዞራሉ። የቁልፉ ግብር ይህ እስኪፈጸም ድረስ ማግኔቱ እሳት በሚነሣበት ሰዓት ለካንዴላው እሳት ከሚሰጠው ከኮይሉ ትይዩ እንዲሆን ቦታውን መጠበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ሲቆረጥ ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም፤ ሾጣጣው አለመያዙን የሚናገር መልእክተኛ ነው። በእርሱ ፈንታ የማይሰበር ቁልፍ ማስገባት መልእክተኛውን አፉን እንደ መዝጋት ነው፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ወደ ቦዩ ማዕዘን ይዛወራል፣ ከዚያችም ማዕዘን እምብርቱን ለሁለት የሚከፍል ስንጥቅ ይጀምራል።

ይህን ለዚያ ልጅ ሳስረዳው ትዝ ያለችኝ የእናቴ እንዝርት ናት። እንዝርትም በእውነቱ ቮላኖ ናት፤ በጣት ተሾራ የተቀበለችውን ጉልበት በክቧ ክብደት ይዛ፣ ጥጡ ክር እስኪሆን ድረስ ትመልሳለችና። ያች ክብ ምስማርም ሙጫም የላትም፤ እየቀጠነ በሚሄደው እንጨት ላይ ታንቃ ትቀመጣለች። እናቴ ፈትሏን ከመጀመሯ በፊት ክቧን በአውራ ጣቷ ገፍታ፣ ግራና ቀኝ ጠምዝዛ፣ አለመላወሷን ሳታረጋግጥ እንዝርቷን አታሾርም ነበር።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ዘንጉንና እምብርቱን ከቅባት አጽድተን፣ በሾጣጣው ላይ በቀለም ቀጫጭን መስመሮች አሰመርን፤ ቮላኖውን ያለ ቁልፍ አስቀምጠን ጥቂት ስናዞረው ቀለሙ በአንድ ወገን ብቻ ተፋቀ፤ መንካት የሚገባው ዙሪያ እኩሌታው እንኳ አይነካም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ቫልቭ የሚሟረድበትን ሻካራ ቅባት ቀብተን፣ ቀለሙ ከዙሪያው ሁሉ እኩል እስኪፋቅ ድረስ በእጅ ቀስ እያልን አሟረድነው። ከዚያም ቅባቱን አንዲት ቅንጣት ሳናስቀር አጥበን፣ ሾጣጣውን ደረቅ አድርገን፣ ተራውን ቁልፍ መለስን፤ ዳዶውንም በግምት ሳይሆን በቶርክ መፍቻ፣ የሞተሩ መመሪያ ባዘዘው ልክ አጠበቅነው። ቮላኖውን ለማውጣት ዘንጉን በመዶሻ የሚመቱ፣ ዳዶውን ሲፈቱና ሲያጠብቁም ቮላኖውን በክንፎቹ መካከል ካቻቢቴ ሰክተው የሚያቆሙ ሰዎች አሉ፤ የተሰነጠቀ ክንፍ በ6,000 ዙር ምን እንደሚሆን ከላይ ካለው ሒሳብ ይረዱ።

የቀረው ጥቂት ነው። ኮይሉ ከማግኔቱ የሚርቅበት ልክ በሚሊ ሜትር ክፋይ የሚለካ ስለ ሆነ እንደ መመሪያው ይስተካከል፤ የነፋሱ መሸፈኛ ሳይታሰር ሞተር አይነሣ፤ ፍጥነት ሲጨመርም የብዙዎቹ ካርቶች ፍሬን በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ መሆኑ አይረሳ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስናስነሣው ልጁ በቮላኖው ጎን፣ ልክ በሚዞርበት መስመር ላይ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ቀረበ። ክንዱን ይዤ ወደ ሞተሩ ሌላ ወገን ወሰድሁት፤ የሚፈነዳ መንኰራኵር ስብርባሪውን የሚበትነው በጠርዙ አቅጣጫ ነውና። ሞተሩ ተነሣ፣ ድምፁም ያለ መንቀጥቀጥ ረጋ። ከአንድ ወር በኋላ ቮላኖውን እንደገና አውጥተን ስናየው ሾጣጣው ያን ቀይ ዱቄት ሳያሳይ ነጭ ሆኖ አገኘነው፤ ቁልፉም እንደ ገባ ነበር። ልጁ በኪሱ ይዞት የነበረውን ጠንካራ ቁልፍ አውጥቶ ከጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ሌላ እንግዳ ይዞት ቢመጣ አሳየው ዘንድ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።