ላሊበላ - አክሱም፦ በሰማይ ቅርብ፣ በቲኬት ሩቅ

ከላሊበላ አክሱም ስንት ይርቃል ቢባል መልሱ እንደ ተጠያቂው ነው። ካርታ የዘረጋ ሰው በቀጥታ መስመር 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል። ሹፌር የተጠየቀ እንደሆነ ግን በኪሎ ሜትር አይመልስም፤ በሰቆጣና በዓብይ ዓዲ አድርጎ ዓድዋ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ አስቦ ቀኑን ሙሉ ነው ይላል፤ ክረምት ከሆነ ያንንም አይምልም። አውሮፕላን የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ማቅናት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመር የተሰማራው ቦምባርዲየር ኪው 400 በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በወረቀት ላይ ሒሳብ ጉዞው በ24 ደቂቃ ማለቅ ነበረበት። መንደርደሩ፣ መውጣቱና መውረዱ ሲታከል ግን 40 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ለነበረው የጥንቱ ዳኮታ ያው ርቀት አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ይህን ያህል ዘመን ተቆጥሮ የተተረፈው 20 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው!

አጭር በረራ ርካሽ ይመስላል፤ አይደለም። ነዳጅ በብዛት የሚበላው ሽቅብ ሲወጣ ነው፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ከፍታውን ይዞ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። የማረፊያ ክፍያው፣ የጎማው መበላት፣ የምድር አገልግሎቱ ለ240ም ሆነ ለ500 ኪሎ ሜትር ያው ነው። በዚህ ላይ ሁለቱም ሜዳዎች ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ አየሩ ስስ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፣ የሚጫነውም ክብደት ይገደባል።

ዋናው ኪሳራ የሚመጣው ግን ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ነው። መንገደኛው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ተጉዞ ቦሌ ያርፍና እንደገና 575 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ይወጣል። ተደምሮ 900 ያልፋል፤ ከቀጥታው አራት እጥፍ ለመሙላት ትንሽ ነው የሚቀረው። አዲስ አበባ ማደር ከመጣ 40 ደቂቃዋ ሁለት ቀን ሆነች ማለት ነው። ስምንት ቀን ብቻ ይዞ የመጣ ቱሪስት በዚህ ጊዜ የሚሰርዘው አክሱምን ነው። ኪሳራው ከባለ ሆቴሉ አልፎ አስጎብኚውን፣ የብር መስቀልና የስፌት ነጋዴውን ያገኘዋል።

መስመሩ ሁለቱም ጫፎች ካልተከፈቱ መስመር አይሆንም። የአክሱም አየር ማረፊያ በኅዳር 2013 በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበት በረራው የቀጠለው በሰኔ 2016 ነው። ላሊበላም በበኩሉ በነሐሴ 2015 በግጭት ሳቢያ በረራ ተቋርጦበት ነበር። አክሱም ሲዘጋ ላሊበላ ተከፍቶ፣ የላሊበላው ሲዘጋ ደግሞ አክሱም ገና ሳይጠገን፣ የሁለቱ ገበያ ሳይገናኝ ከረመ።

አየር መንገዱ በራሱ ዓለም አቀፍ ቲኬት ለሚገቡ እንግዶች ለአገር ውስጥ በረራ ለዓመታት ቅናሽ ሲያደርግ ኖሯል። ቅናሹ ለኪስ ይረዳል፤ የጠፋ ቀን ግን አይመልስም። ከላሊበላ ገና እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት 12 ናቸው። በነዚያ ቀናት አክሱምን ማየት የሚሻ እንግዳ ያለው አስጎብኚ ሆቴል ከመያዙ በፊት የቀጥታውን በረራ ቀን ቢያጣራ ይበጀዋል።