መጽሐፉ ከበሩ የማይወጣበት ምክንያት

ስሜንና ወረዳዬን አትጠይቁኝ፤ ጉዳዩ ግን ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ያው ነው። የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ «ይህን ወደ ቤት ልውሰደው?» ብትሉ መልሱ ብዙውን ጊዜ «እዚሁ አንብበው» ነው። መታወቂያ ታስይዛላችሁ፣ ስትወጡ ትቀበላላችሁ። ሰው የሠራተኛው ክፋት ይመስለዋል። ነገሩ ያለው የንብረት መዝገቡ ላይ ነው።

መጽሐፉ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ንብረት ተመዝግቦ በሠራተኛው ፊርማ ይያዛል። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ቆጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። አንድ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ከጎደለ ተጠያቂው የፈረመው ሰው ነው፤ ቢዛወር ክሊራንስ ይከለከላል። በዚህ ደመወዝ ማን ደፍሮ ያውሳል? አቧራ የጠጣ መጽሐፍ ቆጠራ ላይ አንገት አያስደፋም። ጣጣ የሚያመጣው የሚነበበው ነው።

ያዘገየውን በገንዘብ እንቅጣ ቢባልስ? ብሩ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ሕጋዊ ደረሰኝ ተቆርጦ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ገቢ ይሆናል፣ መጽሐፍ ሆኖም ወደ እኛ ቤተ መጻሕፍት አይመለስም። ለሁለት ብር ይህን ሁሉ ወረቀት? ስለዚህ መቅጣቱንም ማዋሱንም ትተነዋል።

ትምህርት ቤቶች ሌላ ዘዴ አላቸው፤ መጽሐፍ ያልመለሰ ተማሪ የውጤት ካርዱ ይያዝበታል። በሚቀጥለው ዓመት ለሚመለስ ልጅ ይሠራል። ያቋረጠው ግን ዕዳውን እያሰበ ጭራሽ በበሩም አያልፍም። ሳይወድ የሚያዘገይም አለ፤ ከስማዳ ቆላ ወጥቶ ወገዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ዓርብ ስንቅ ሊያመጣ አገሩ ይወርዳል። «ጋሼ፣ ሰኞ ላምጣው?» ይላል። መስከረም ላይ ወንዝ ሞልቶ ሐሙስ ሊደርስ ይችላል። በቀን አንድ ብር ብትጥሉበት መጽሐፉን ከማምጣት መሸሹ ይቀለዋል።

ባለጠጎቹ አገሮችም ይህን ያዩት ዘግይተው ነው። የቺካጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ የኒውዮርኩ በ2021 የመዘግየት ቅጣትን አስቀሩ። ቺካጎ ውስጥ የሚመለሰው መጽሐፍ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ለጠፋ መጽሐፍ ግን ዛሬም ይከፈላል።

እኛ ዘንድ ያዘገየውንና ያጠፋውን መለየት የቆየ ነው። ጋይንት ውስጥ ካሉት የአብነት ትምህርት ቤቶች ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ ተማሪ ከየአገሩ ይጎርፋል። ከመምህሩ ድጓ እያየ የራሱን በእጁ ይገለብጣል። ይህ እንግዲህ በወር የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በየብራናው ላይ የምታገኙት ውግዘት የሚያርፈው በሰረቀውና በፋቀው ላይ ነው፤ ያዘገየውን ሲረግም አላየሁም።

እኔን ቢያማክሩኝ የመመለሻ ቀኑን ገበያ ቀን አደርገው ነበር፤ የልጁ አባትም ከተማ ይመጣላ! ዋናው ቁልፍ ግን በገንዘብ ጽሕፈት ቤት እጅ ነው። የተሰበረ ወንበር በኮሚቴ ተወስኖ ከመዝገብ ይሰረዛል። ሲነበብ ለጠፋ መጽሐፍም በዓመት ጥቂት ጉድለት ይፈቀድልን። ያኔ መጽሐፉ ከበሩ ይወጣል።

እስከዚያው፣ ከተማሪነታችሁ የቀረ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ቤታችሁ ካለ አምጡልን። ለምን ዘገያችሁ ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም።