የእማዬ የጉልበት ማሰሪያ ለምን መሳቢያ ውስጥ ቀረ?

ልጆች ከፋርማሲ ገዝተው ያመጡት የጉልበት ማሰሪያ በሁለተኛው ሳምንት መሳቢያ የገባበት ቤት ብዙ ነው። «ያሳክከኛል፣ ይንሸራተታል» ትላለች እማዬ። እውነቷን ነው፤ ያልተመቸ ነገር አይለበስም። እኔም ሬስቶራንቴ ውስጥ ምጣድ ፊት ቆሜ ስለምውል በሙቀት ማሰሪያ ማድረግ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

አገር ቤት የመገጣጠሚያ ሕመሙን ሁሉ «ሪህ» እንለዋለን። በዕድሜ የሚብሰው የጉልበት ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው ነው፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው ልስልስ ሽፋን ሲሳሳ የሚመጣ። ማሰሪያ ያንን መልሶ አያበቅልም፤ ሥቃዩን ያቀላል፣ ለመራመድም ድፍረት ይሰጣል።

እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ያሞቃል፣ ጉልበትንም ያረጋጋል። ከጎኑ ብረት ያለው ደግሞ ጫናውን ከተጎዳው ወገን ወደ ደህናው ያዞራል። ይሄኛውን ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሳያያት አትግዙ፤ ልኩም በባለሙያ ይሁን። እንደ ካልሲ የሚጠለቀውን እንኳን «ትልቅ ይሻላል» ብላችሁ አትውሰዱ፤ የሚንሸራተተው እሱ ነው። ጭኗንና ባቷን በሜትር ለክታችሁ ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ።

በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን አታስደርጓት፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ቢኖር ማሳከኩ ይቀንሳል። ላብ የጠጣ ማሰሪያ ቆዳ ያቆስላልና ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ። ስትተኛ ታውልቀው። እግሯ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው ይፈታ፤ ባቷ አብጦ ካመማት ደግሞ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ስለ ምርኩዝ ስታነሱ «አረጀሽ ልትሉኝ ነው?» ትላችኋለች። የ2019 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያ ግን ከእንቅስቃሴ ጋር ምርኩዝንም የጉልበት ማሰሪያንም በጥብቅ ይመክራል። የሚያዘውም በሚያመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው! ይሄን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ጫማ አድርጋ፣ እጇን በጎኗ ወደ ታች ለቃ ስትቆም መያዣው አንጓዋ ጋ ይድረስ።

ልጆች፣ ማሰሪያውን ጠዋት ማጥለቅ የእናንተ ሥራ ይሁን፤ አያታችሁ ጎንበስ ማለት ይከብዳታል። ቡና ስታፈላም በርጩማውን አንሱና ከፍ ያለ ወንበር አቅርቡላት፣ ረከቦቱም ጠረጴዛ ላይ ይውጣ።